የሚልዋኪ የእሳት አደጋና ፖሊስ ኮሚሽን፦ ማዕረግ የሚያጸድቅም የሚገፍም ቦርድ

ሚልዋኪ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ፖሊሷን የሚቆጣጠረው የእሳት አደጋና ፖሊስ ኮሚሽን የሚባል የሲቪሎች ቦርድ ነው። የተቋቋመው በ1885 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ብዙ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ቦርዶች ምክር ከመስጠት አያልፉም። ይሄኛው ግን ጥርስ አልባ አንበሳ አይደለም። የፖሊስ አዛዡን ይሾማል። የማዕረግ እድገት ያጸድቃል። የተባረረ ፖሊስ ይግባኝ የሚለውም ለእሱ ነው።

አባላቱ 7 ወይም 9 ናቸው። ከንቲባው ያቀርባቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃቸዋል። አንድ አባል 5 ዓመት ያገለግላል።

ቦርዱ የተፈጠረው ፖሊስን ከፓርቲ ፖለቲካ ለማላቀቅ ነበር። ከዚያ በፊት ከንቲባ በተለወጠ ቁጥር አዛዡም አብሮ ይለወጥ ነበር። ፖሊሶቹም እንጀራቸው በምርጫ ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ለማስቀረት የተሄደበት መንገድ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። በ1911 የወጣ ሕግ አዛዡን ጥፋት ካልተገኘበት በቀር የማይነቀል አደረገው። ጆን ጃንሰን ከ1888 እስከ 1921 በወንበሩ ላይ ቆዩ። ሃሮልድ ብራየር ደግሞ ከ1964 ጀምሮ 20 ዓመት ገዙ። ገዙ ማለት ይቀላል፤ ቦርዱ በስም እንጂ በተግባር ብዙም አይገዳደራቸውም ነበር። በ1984 የግዛቱ ምክር ቤት የአዛዡን ሥልጣን ሲቀንስ ብራየር ጡረታ ወጡ። ዛሬ አዛዥ የሚሾመው ለ4 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ዲሲፕሊኑ እንምጣ። የቦርዱ ሥራ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚቀጣው አዛዡ ነው። ቅጣቱ ቀላል ከሆነ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ከ5 ቀን በላይ እገዳ፣ ከማዕረግ ዝቅ ማድረግ ወይም ከሥራ ማሰናበት ከሆነ ግን ፖሊሱ በ10 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ከዚያ ጉዳዩ እንደ ፍርድ ቤት ይታያል። ብዙውን ጊዜ 3 የቦርድ አባላት ይሰየማሉ። ሁለቱም ወገን ጠበቃ ያቆማል፣ ምስክር ቃለ መሐላ ፈጽሞ ይመሰክራል፣ መስቀለኛ ጥያቄም አለ።

ውሳኔው በአባላቱ ስሜት እንዳይመራ የግዛቱ ሕግ ሰባት ጥያቄ አስቀምጧል። ፖሊሱ ድርጊቱ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል ተብሎ ይገመታል ወይ? ጣሰ የተባለው ደንብ ራሱ ምክንያታዊ ነው? አዛዡ ከመክሰሱ በፊት ነገሩን በቅጡ አጣርቷል? ማጣራቱስ ሚዛናዊ ነበር? በቂ ማስረጃ አለ? እነዚህ አምስቱ በመጀመሪያው ዙር ይታያሉ። በአንዱ እንኳ አዛዡ ከወደቀ ቅጣቱ ይፈርሳል። ካለፈ ቀሪዎቹ ሁለቱ ይመጣሉ፦ ደንቡ በሁሉም ላይ ያለ አድልዎ ነው ወይ የሚሠራው? ቅጣቱስ ከጥፋቱ ክብደትና ከፖሊሱ የአገልግሎት ታሪክ ጋር ይመጣጠናል? የማስረዳት ሸክሙ እንደ ወንጀል ችሎት ከባድ አይደለም። ማስረጃው ወደ አንዱ ወገን ማመዘኑ ይበቃል። በውጤቱ ያልተደሰተ ፖሊስ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች በተግባር ምን እንደሚመስሉ በ2014 ታይቷል። በሚያዝያ 30፣ መሃል ከተማ ባለው ሬድ አሮው ፓርክ ዶንትሬ ሃሚልተን የሚባል ሰው ጋደም ብሏል። የአእምሮ ሕመም ነበረበት። እዚያው ካለ ቡና መሸጫ ለፖሊስ ተደወለ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው አዩት፣ ምንም ጥፋት አላገኙበትም፣ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ይህን የማያውቅ ሌላ ፖሊስ መጣ፣ አስነሳውና ሰውነቱን መፈተሽ ጀመረ። ግብግብ ተፈጠረ። ሃሚልተን የፖሊሱን ዱላ ያዘ። ፖሊሱ 14 ጊዜ ተኮሰ። ሃሚልተን ሞተ።

አዛዡ ኤድዋርድ ፍሊን በጥቅምት ፖሊሱን አባረሩት። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። ለተኩሱ አልነበረም የተባረረው፤ ለፍተሻው ነው። ሰውየው የታጠቀ መሆኑን የሚያመለክት ነገር ሳይኖር፣ የአእምሮ ሕመም ምልክት እያየ፣ ከሥልጠናው ውጭ እጁን አሳርፎበታል ተባለ። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ በታኅሣሥ የወንጀል ክስ አልመሠርትም አሉ። ፖሊሱ ለቦርዱ ይግባኝ አለ። በመጋቢት 2015 የተሰየሙት 3 አባላት ስንብቱን በሙሉ ድምፅ አጸኑ። ለቤተሰቡ መራራ ነገር ነው፤ ልጃቸው በጥይት ሞቶ ክርክሩ ስለ ፍተሻ ሆነ። የዲሲፕሊን ችሎት ግን የሚያየው ክሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው።

አስገራሚው ነገር ቦርዱ ይህን ሥርዓት አንድ ጊዜ ራሱ መዝለሉ ነው። በነሐሴ 2020 አዛዡን አልፎንሶ ሞራሌስን በሙሉ ድምፅ ከአዛዥነት ወደ ካፒቴን ዝቅ አደረጋቸው። ከሳምንታት በፊት ሊፈጽሟቸው የሚገቡ መመሪያዎች ሰጥቷቸው ነበር፤ አልተሟሉም አለ። ይሁን እንጂ የተጻፈ ክስ አልነበረም፣ መልስ የሚሰጡበት ችሎትም አልተሰየመም። አንድ ተራ ፖሊስ ከማዕረጉ ዝቅ ሲል የሚያገኘውን ዕድል ዋናው አዛዥ አላገኙም። በታኅሣሥ ዳኛ ውሳኔውን ሻረው። ከተማዋም በ2021 ከሞራሌስ ጋር ስትስማማ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለች። ሥርዓቱን ለማክበር አንድ ሁለት ሳምንት ቢታገሡ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

የማዕረግ እድገቱ ወግ ደግሞ ሌላ ነው። ሳጅን ወይም መርማሪ መሆን የሚፈልግ ፖሊስ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሚሽኑ ነው፤ ያለፉት በውጤታቸው ቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን ፈተናው እየሳሳ፣ የአዛዡ እጅ እየረዘመ ይሄዳል። ለካፒቴንነትና ከዚያ በላይ አዛዡ ስም ያቀርባል፣ ቦርዱ በድምፅ ያጸድቃል። ሰባት ጥያቄ የለም። መስቀለኛ ጥያቄም የለም። ለመውረድ የተበጀው አጥር ለመውጣት አልተበጀም፤ የሥርዓቱ ደካማ ጎን እዚህ ይመስለኛል።

የዚህን ድክመት ዋጋ ትልቅነት ያሳየው በ2005 የተፈረደው ክስ ነው። የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር አዛዥ አርተር ጆንስ ከ1996 እስከ 2003 ሲሠሩ ለካፒቴንነት ሲሾሙ በዘር እያዩ አልፈውናል ያሉ 17 ነጭ ወንድ ሌተናንቶች (ከካፒቴን አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉ መኮንኖች) በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። አዛዡን ብቻ አልነበረም የከሰሱት፤ ሹመቱን ያጸደቁትን የቦርድ አባላት ጭምር ነው። ካፒቴን የሚመረጥበት ወጥ መስፈርት አለመኖሩ የክርክሩ አንድ ዋና ነጥብ ነበር። ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ለከሳሾቹ ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 የካሳው ስሌት እንደገና ይታይ ቢልም ጥፋተኛነቱን አጸና። እኛ ያጸደቅነው የቀረበልንን ነው የሚለው መልስ የቦርድ አባላቱን አላዳናቸውም።

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ2023 ነው። ሚልዋኪ የገንዘብ ችግር ገጥሟት የራሷን የሽያጭ ታክስ መጣል ፈለገች። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ፈቀዱ፤ ግን በነጻ አልነበረም። አክት 12 የተባለው ሕግ የፖሊስ መመሪያ የማውጣት ሥልጣንን ከቦርዱ ወስዶ ለአዛዡ ሰጠ። አዛዡ ያወጣውን መመሪያ መቀየር የሚችለው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ለዚያውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ቅጥር፣ የማዕረግ እድገትና ዲሲፕሊን በቦርዱ እጅ ቀሩ። ያው ሕግ የአባላቱንም አመራረጥ ነካ። ከንቲባው ቢያንስ አንድ አባል የፖሊስ ማኅበሩ ካቀረበው የስም ዝርዝር፣ አንድ አባል ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ካቀረበው እንዲመርጡ ግዴታ ገባ። በዚህ መንገድ የሚገባ አባልም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ካፒቴን ሲሾም ድምፅ ይሰጣል።