ሃይፐር ሲሏችሁ ምኑ እንደበዛ ጠይቁ

ደብረ ማርቆስ በነርስነት ስሰራ ቆይቻለሁ፣ እና ሰው ስለበሽታው ተሳስቶ የሚያወራው ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ቃል ተነስቶ ነው፣ ሃይፐር ከምትለዋ። ግሪክኛ ናት፣ ከላይ፣ ከልክ ያለፈ እንደማለት። እሷ ለብቻዋ በሽታ አይደለችም፣ ምን እንደበዛ የሚናገረው ከኋላዋ የሚመጣው ቃል ነው፣ እኛ ደሞ እሱን ሳንሰማ ወደቤት እንገባለን።

«ደም ብዛት ማለት ደሜ በዝቷል ማለት ነው»

ይሄን ያመጣው የራሳችን የአማርኛ ስም ነው። ሃይፐርቴንሽን ላይ የበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ የደም ስሩን ግድግዳ የሚገፋበት ጉልበት ነው፣ ደም ግፊት የሚለው ስም የሚሻለው ለዛ ነው። ከቢቸና በኩል የመጡ አባት «ልጄ፣ ታግሜ ትርፉ ደም ወጣልኝ፣ አሁን ቀሎኛል» አሉኝ፣ ስለካቸው 190 በ110! በዋግምት የምትወጣውን ትንሽ ደም ሰውነት መልሶ ይተካታል፣ የጠበበው የደም ስር ግን እንደጠበበ ነው። የመስኖ ጎማ ጫፉን በጣት ስትይዙት ውሃው ሳይጨምር እንዴት እንደሚገፋ ታውቁ የለ፣ እንደሱ ማለት ነው። ቀለለኝ ማለትም ማስረጃ አይሆንም፣ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፣ ደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ግፊት ነው፣ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ ኪኒኑን እንዳታቆሙት።

«ሳልናደድ ሃይፐርቴንሽን ከየት መጣብኝ» የሚሉም አሉ፣ ቴንሽን የምንለው ጭንቀት ስለሚመስላቸው። እዚህ ግን መወጠር ማለት ነው፣ የሚወጠረው ደግሞ የደም ስሩ። እርጋታ ያለው ሰውም ይይዘዋል።

«ሃይፐርና ሃይፖ ያው ነው»

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። አንደኛው በዛ ይላል ሌላው አነሰ፣ በጆሮ ግን መንታ ናቸው። ባለፈው ፍልሰታ ጎረቤቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊኑን ጠዋት ተወግቶ ሳይቀምስ ቅዳሴ ዋለ። ቤት ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ሸሚዙን አርሶታል፣ ወሬው ተዘባርቋል፣ እህቱ ሻይ በስኳር ልታጠጣው ስትል ቤተሰቡ «ኧረ ሃይፐር ነው፣ ስኳር እንዳይነካ!» ብለው ስኒውን ነጠቋት። መለኪያዬን ይዤ ሮጬ ስደርስ የደም ስኳሩ 46። ከ70 በታች ሃይፖ ነው፣ ስኳሩ አልቆበት ነበር! አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው፣ ሩብ ሰአት ሳይሞላ «ምን ሆናችሁ ተሰበሰባችሁ» ብሎ ጠየቀን። (መዋጥ ለማይችል፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ ትን ይለዋል፣ ወደ ጤና ተቋም አሩጡት።)

የዋሸራና የዲማ አገር ልጆች ይሄን ለመያዝ አይቸገሩም፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የግዕዙን ላዕለ (በላይ) እና ታሕተ (በታች) ያውቃል፣ ሃይፐር ላዕለ ነው፣ ሃይፖ ታሕተ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ሁለቱን ቢያምታታ መምህሩ ይቆጡታል፣ እኛ ስናምታታ ግን ሰው ይሞታል።

«እንቅርት ያለው ሁሉ ሃይፐርታይሮይድ ነው»

አይደለም። ሃይፐርታይሮይድ የሚባለው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሲያመርት ነው። የኛ ደጋ አፈር አዮዲኑ በዝናብ የታጠበ ነው፣ አዮዲን ያጠረው እጢ ደግሞ ያለችውን አሟጦ ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። አንገት ላይ ያበጠው እጢው ነው እንጂ ሆርሞኑ በዝቷል ማለት አይደለም፣ ሊበዛም ልክ ሊሆንም ሊያንስም ይችላል፣ የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ በአይን አይታወቅም። ግፊት ያለባቸው «ጨው ተከልክያለሁ» ብለው አዮዲን ያለውን ጨው ጭራሽ ይተዉትና በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንባቸዋል፣ አዮዲን ያለውን ግዙ ግን ቆንጠር አድርጉ፣ ክዳን ባለው እቃ ከጸሀይና ከእርጥበት አርቁ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ሃይፐርፕላዥያ የተባሉ ሽማግሌዎች ካንሰር ነው ብለው ኑዛዜ ሲያስቡ አይቻለሁ። የፕሮስቴት (የወንዶች ፊኛ ስር ያለችው እጢ) ሃይፐርፕላዥያ ሴሎቹ በቁጥር በዙ እጢው ገዘፈ ማለት ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ ህክምናም አለው።

ሃይፐርኤሜሲስ ደሞ የእርጉዝ ከልክ ያለፈ ትውከት ነው። «እርጉዝ ሁሉ ያስመልሳታል» እየተባለ የምትተወዋ ልጅ ናት የምታሳዝነኝ። ውሃ እንኳ ሆዷ አልረጋ ካለ፣ ሽንቷ ከቀነሰና ከጠቆረ፣ ስትነሳ ካዞራት፣ እስከ ገበያ ቀን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ አምጧት፣ በደም ስሯ ፈሳሽ ተሰቅሎላት ቀና ስትል ታያላችሁ።