ብሶት ለማን ይነገራል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ቅዱሳን።

እዚህ ጅማ ቡና በሚሰጣበት ወራት ዝናብ ከጣለ የሁላችንም ፊት ይጠቁራል። አልጋ ላይ ያለው እሸት በላስቲክ ይሸፈናል፣ ይገለጣል፣ ደግሞ ይሸፈናል። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ አቦሉ ላይ አንዱ የዘንድሮን ዋጋ ያነሣል፤ ቶናው ሲቀዳ ወሬው ጤፍ ላይ ደርሷል፤ በረካ ላይ (ስሙ በረካ መሆኑ!) ደስ ብሎት የመጣውም ሆድ ብሶት ይነሣል።

ዘኍልቍ 11 ላይም ማጉረምረም እንዲሁ ተጋባ። ጥቂቶች ሥጋ ጎመጁ፤ ብዙም ሳይቆይ እስራኤል ሁሉ በየድንኳኑ ደጃፍ ያለቅስ ጀመር። በግብፅ የበሉት ዓሣው፣ ዱባው፣ ሽንኩርቱ ትዝ አላቸው፤ ያውም «ያለ ዋጋ»! ጡብ እየቆጠሩ ያስረከቡ፣ ወንድ ልጆቻቸው ወንዝ የተጣሉባቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት። ያጉረመረመ ልብ ጅራፉን ረስቶ ሽንኩርቱን ያስታውሳል። መናው ግን ሌሊት ሌሊት ከጠሉ ጋር ይወርድ ነበር፤ ይፈጩታል፣ ይወቅጡታል፣ እንጎቻ ይጋግሩታል፣ ከዚያም «ከዚህ በቀር ምንም አናይም» ይላሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሙሴ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ እሱም አማረረ፣ ያውም ከሕዝቡ ብሶ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን? ብቻዬን ልሸከመው አልችልም፤ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ አለ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። 70 ሽማግሌዎች ሰብስብ፣ ሸክሙን ያግዙሃል አለው። ሕዝቡም የጎመጀውን ሥጋ አገኘ፤ ሥጋው ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ ግን መቅሠፍት መጣባቸው።

ሕዝቡ እግዚአብሔርን እርስ በርሱ አማው፤ ሙሴ ፊት ለፊት ነገረው። ስለዚህ «አማኝ ሆድ አይብሰውም» የሚለውን ትምህርት አልቀበልም። ጥርስ ነክሶ «ተመስገን» ከማለት፣ በር ዘግቶ እንደ መዝሙረኛው መከራን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰስ ይሻላል (መዝ. 142)። ጳውሎስም ቢሆን ባለኝ ይበቃኛል ማለትን «ተምሬአለሁ» ነው ያለው (ፊል. 4፥11)፤ ይህን የጻፈው ደግሞ ታስሮ ሳለ ነው። የሚማር ሰው ጊዜ ይፈልጋል፤ ራሳችሁን አትርገሙ።

በሚቀጥለው የቤት ኅብረታችን ዘኍልቍ 11ን ከቁጥር 10 እስከ 17 አብረን እናነባለን። እያንዳንዳችሁ ያስመረራችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ሳታሳምሩ፣ እንዳለ። ወሬ ከመሆኑ በፊት እንጸልይበታለን።