የልጆች አፈናን ማገናኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እልባት ያላገኙ የልጆች አፈናዎችን በራሳቸው ተነሳሽነት የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። አማተሮች ናቸው፤ ማንም አይከፍላቸውም። የድሮ ጋዜጣ ያገላብጣሉ፣ ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ «ይሄኛውንም ያንኛውንም ያደረገው አንድ ሰው ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሚያበላሹት አብረውት የሚመጡት እምነቶች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሁለት ጉዳዮች ከተመሳሰሉ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው»

ሁለት አፈናዎች እንበል። ሁለቱም ልጆች አሥር ዓመት ገደማ ነበሩ። ሁለቱም አመሻሽ ላይ ብስክሌት እየነዱ ነበር። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን በዚያ ዕድሜ ብስክሌት የማይነዳ ልጅ ስንት ነው? ብዙ ልጆች የሚጋሩት ነገር ሁለት ወንጀሎችን አያገናኝም።

የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ አሰልቺ ወረቀት ነው። በብሪታንያ በ1982፣ በ1983 እና በ1986 ሦስት ሴት ልጆች ታፍነው ተገደሉ። አንዷ ከኤድንብራ አቅራቢያ ተወስዳ አስከሬኗ የተገኘው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ስለዚህ «ቦታው ስለተራራቀ አይገናኝም» ማለትም አያስኬድም። በ1990 ስቶው በምትባል የስኮትላንድ መንደር አንድ ነዋሪ ሕፃን ስትታፈን አይቶ የመኪናውን ታርጋ መዘገበ። ልጅቷ በሕይወት ተረፈች፤ ሮበርት ብላክ የሚባል ዕቃ አመላላሽ ሹፌርም ተያዘ። ከዚያ በኋላ መርማሪዎቹ የነዳጅ ደረሰኞቹንና የሥራ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ለቅመው ሦስቱም በታፈኑበት ጊዜ በየአካባቢው እንደነበረ አሳዩ። በ1994 ተፈረደበት። በ2011 ደግሞ በ1981 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በተፈጸመ ግድያ ጥፋተኛ ሆነ።

«አማተር ምንም ሊጨምር አይችልም»

ይህን የሚል ሰው የጄኮብ ዌተርሊንግን ጉዳይ ይመልከት። በጥቅምት 1989 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ሴንት ጆሴፍ ከተማ አቅራቢያ ጭምብል ያደረገና ሽጉጥ የያዘ ሰው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሦስት ልጆችን አስቆመ። የ11 ዓመቱን ጄኮብን ወሰደ። ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ኮልድ ስፕሪንግ በተባለች ጎረቤት ከተማ አንድ ልጅ ታፍኖ፣ ጥቃት ደርሶበት ተለቅቋል።

ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት ጸሐፊ የድሮ የአካባቢ ጋዜጣ ስታገላብጥ በዚያው አካባቢ ባለችው ፔይንስቪል ከተማ ላይ ከ1986 ጀምሮ በወንዶች ልጆች ላይ ስለደረሱ ጥቃቶች አነበበች። ከኮልድ ስፕሪንጉ ልጅ ጋር፣ ያኔ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ተጎጂዎቹን እያፈላለጉ አነጋገሩ። ጉዳዩ እንደገና ትኩረት አገኘ። በ2015 ከኮልድ ስፕሪንጉ ልጅ ልብስ የተገኘ ዲኤንኤ ከአንድ ሰው ጋር ገጠመ፤ በ2016 ሰውየው አምኖ ጄኮብን የቀበረበትን ቦታ አሳየ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰውየውን ፖሊስ ከአፈናው በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ መርምሮት ነበር። ስሙ መዝገብ ውስጥ ነበር። አማተሮቹ ያመጡት የተጎጂዎችን ድምፅ ነው፤ ለእኔ ከስም ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

«ተጠርጣሪን በስም ማጋለጥ ምርመራውን ያፋጥናል»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በዚሁ በጄኮብ ጉዳይ ባለሥልጣናት በ2010 አንድ ጎረቤት ላይ በአደባባይ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ግቢውንም ቆፈሩ። ሰውየው ምንም አላደረገም። እውነቱ እስኪወጣ ግን ስድስት ዓመት በጥርጣሬ ኖረ። መዝገቡን በሙሉ የያዙ ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ብቻ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ይሳሳታል?

ሌላም ጉዳት አለ። ፎቶ ከተሰራጨ በኋላ ምስክር የሚያስታውሰው በዚያ ቀን ያየውን ፊት ይሁን ፎቶውን መለየት ያቅተዋል። ፖሊስ ሆን ብሎ የደበቀው፣ ወንጀለኛው ብቻ የሚያውቀው ዝርዝር ከወጣም እውነተኛውን ኑዛዜ ከሐሰተኛው መለያ ይጠፋል።

«የጠፋ ልጅ ሁሉ በማያውቀው ሰው የተወሰደ ነው»

በአሜሪካ ለ1999 በተሠራ ብሔራዊ ጥናት፣ በቤተሰብ አባል የተወሰዱት ከ200,000 በላይ ናቸው። በማያውቁት ወይም እምብዛም በማያውቁት ሰው ከባድ አፈና የደረሰባቸው 115 ገደማ ናቸው። እነዚህን ሳይለዩ አንድ ዝርዝር ላይ መደርደር የሌለ ግንኙነት ይፈጥራል።

«ያገኘሁትን መጀመሪያ ለወላጆቹ ልንገር»

በፍጹም። ወላጅ በየስልኩ ተስፋው አብሮ ይነሳል፣ ይወድቃል። ያገኛችሁትን ለመርማሪው ክፍል ስጡ፦ ቀኑ፣ ምንጩ፣ የተረጋገጠው ለብቻ፣ ግምቱ ለብቻ። ከሐሳባችሁ ጋር የማይገጥመውንም አትተዉ፤ ስሕተቱ ካለ ቶሎ የሚገኘው እዚያ ነው።