የዌልሽ ግሶች በአሁን ጊዜ

ዌልሽ በታላቋ ብሪታንያ ምዕራብ፣ በዌልስ የሚነገር የኬልቲክ ቋንቋ ነው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ የዌልስ ነዋሪዎች 17.8 በመቶው፣ ማለትም 538,000 ያህል ሰዎች፣ ዌልሽ እንደሚናገሩ ገልጸዋል። ለጀማሪ መልካም ዜና አለ፤ በዕለት ተዕለት ንግግር የአሁን ጊዜን ለመግለጽ በመደብ የሚረባው ግስ አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱም «ቦድ»፣ መሆን ነው።

ሌላው ግስ «መዘመር»፣ «መብላት» እንደምንለው በስም መልኩ ይቀመጣል፤ «ኧን» የምትባል አጭር ቃል ከረዳት ግሱ ጋር ታያይዘዋለች። «ካኒ» መዘመር ነው። «ዱ ኢን ካኒ» እዘምራለሁ፤ «ሩይት ቲን ካኒ» ትዘምራለህ ወይም ትዘምሪያለሽ፤ «ማይ ሂን ካኒ» ትዘምራለች፤ «ማይን ኑን ካኒ» ይዘምራሉ። «ኧን» ከአናባቢ በኋላ ስትመጣ «ን» ብቻ ሆና ከተውላጠ ስሙ ጋር ትጣበቃለች። «እዘምራለሁ» እና «እየዘመርኩ ነው» የሚሉትን ሁለቱንም ያው አንድ ቅርጽ ይሸከማል። በ«ኧን» ቦታ «ዌዲ» ቢገባ ደግሞ «ዱ ኢ ዌዲ ካኒ»፣ ዘምሬአለሁ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቁጠባ የሚሠራ ሥርዓት በእውነት ያስደስታል።

ግሱ ዓረፍተ ነገሩን ይመራል፣ ባለቤቱ ይከተላል። ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሳይሆን ስም ከሆነ፣ ብዙ ቢሆንም እንኳ ግሱ በነጠላ ይቀራል፤ «ማይር ፕላንት ኧን ካኒ»፣ ልጆቹ ይዘምራሉ («ማይር» ማለት «ማይ» ሲሆን፣ «ር» በ«ልጆቹ» መጨረሻ እንዳለው የታወቀ ነገርን ታመለክታለች)። «ማይን» የሚመጣው «ኑ»፣ እነርሱ፣ ሲከተለው ነው።

ችግሩ ያለው ራሱ «ቦድ» ላይ ነው። «ማይ» ለአዎንታ ብቻ ያገለግላል። ሲጠየቅ «ኧዲ ሂን ካኒ?»፣ ሲካድ «ደዲ ሂ ዚም ኧን ካኒ» ይባላል። ለሁሉም ጥያቄ የሚሆን አንድ «አዎ» የለም፤ መልሱ ግሱን ይከተላል። «ኡይት ቲን ካኒ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ኧዱ» ወይም «ናግ ኧዱ» ብሎ ይመልሳል፤ ስለ ሌላ ሰው ከተጠየቀ ግን «ኧዲ» ይላል። ተማሪ ረጅም ልምምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሰሜንና ደቡብ ይለያያሉ፤ «እርሱ» በሰሜን «ኦ»፣ በደቡብ «ኤ» ነው። ለጎልማሶች የሚዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍትም በሰሜንና በደቡብ ቅጂ ይወጣሉ።

የጽሑፍ ቋንቋው ሌላ መንገድ አለው። ዊልያም ሞርጋን በ1588 ያሳተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም መሠረት በሆነለት የሥነ ጽሑፍ ዌልሽ ግሱ ራሱ ይረባል፤ «ካናቭ» እዘምራለሁ ማለት ነው። በዛሬ ንግግር ግን ይኸው ቅርጽ ወደ ወደፊት ጊዜ ተሻግሯል። የቀድሞው ትርጉም በምሳሌያዊ አነጋገር ጸንቶ ቆይቷል፤ «ደቫል ዶንክ አ ዲር ኧ ጋሬግ»፣ ያለመታከት መምታት ድንጋዩን ይሰብራል። «ዲር» የመጣው «ቶሪ»፣ መስበር፣ ከሚለው ግስ ነው፤ ውስጡ ያለው አናባቢም መነሻው ላይ ያለው ተነባቢም ተለውጠዋል። በአፍ ንግግርም ጥቂት ግሶች የአሁን ጊዜ ትርጉማቸውን አለቀቁም፤ «ዱን ኢ ዚም»፣ አላውቅም፣ በተለይ በሰሜን ዌልስ ዘወትር የሚሰማ መልስ ነው።