የገዳሙ «ምስጢራዊ ዋሻ» የፍሳሽ ቦይ ነው

እንግሊዝ አገር በፍሳሽ መስመር መሐንዲስነት እሠራለሁ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ የድሮ ገዳማትን ፍርስራሽ አስጎበኛለሁ። የትም ብንሄድ ታዲያ «እዚህ ሥር ምስጢራዊ ዋሻ አለ፤ መነኮሳቱ የሚያመልጡበት ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ዋሻውን የሴቶች ገዳም ድረስ ያስኬደዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ወሬ ሰልችቶኛል፤ ዋሻ የሚሉት የፍሳሽ ቦይ ነው። ስለ መነኮሳት የሚወሩ ቀለል ያሉ ስሕተቶችን ግን ላስቀድም።

«ውሃው የተበከለ ስለነበር መነኮሳት ቢራ ብቻ ይጠጡ ነበር።» ቢራ ይጠጡ ነበር፤ ይወዱትም ነበር። ውሃም ይጠጡ ነበር።

«አይታጠቡም ነበር።» ከማዕድ በፊት እጅ የሚታጠቡበት ቦታ ከመመገቢያ አዳራሹ አጠገብ ይሠራ ነበር። ብዙ የአውሮፓ መነኮሳት ይተዳደሩበት የነበረው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓትም የታመመ ሰው ባስፈለገው ቁጥር ገላውን እንዲታጠብ ይፈቅዳል። ጤነኛው አልፎ አልፎ።

«ወንዝ በሌለበት ገዳም አይቆምም።» ደብረ ዳሞስ? በገመድ በሚወጣበት አምባ ላይ ወንዝ የለም። ዓለቱን ፈልፍለው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ።

«ከሮማውያን በኋላ የቧንቧ ሥራ ተረስቶ ነበር።» ይህቺን ሲሉ እንደ ባለሙያ ይከፋኛል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ አገር ካንተርበሪ ከተማ ዊበርት የሚባል የገዳም አለቃ ከከተማው ውጭ ካለ ምንጭ በእርሳስ ቧንቧ ውሃ አስገባ። ውሃው በመንገዱ ላይ በአምስት ገንዳዎች ያልፋል፤ ደለሉ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ወደ መታጠቢያው፣ ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ ይከፋፈላል። ያገለገለውና የዝናቡ ውሃ ደግሞ መጨረሻ ላይ መጸዳጃ ቤቱን ያጥባል። የመስመሩ ንድፍ ዛሬም ካምብሪጅ ውስጥ አለ። በጣም የምወደው አንድ ጽሑፍ አለበት፦ ምንጩ ከተቋረጠ ከጉድጓድ ቀድተው ውስጡ ክፍት በሆነ ዓምድ ሲያፈሱት ለሁሉም ክፍል ይደርሳል። ባክአፕ ማለት ይሄ ነው!

ወደ ዋሻው ልመለስ። ከአፄ ካሌብ መቃብር እስከ ቀይ ባሕር የሚያደርስ ዋሻ አለ ሲባል እየሰማን ስላደግን ለእንግዶቼ ወሬው ቶሎ ይጥማቸዋል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ «ለፍሳሽ ከሆነ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ለምን ይሆናል?» ብሎ ሞገተኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ቦዩ ትልቅ የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ይሞላል፤ ጠባብ ቦይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ ሰው ገብቶ መጥረግ አለበት። እኔ ራሴ ሰው በማያስገባ ጠባብ መስመር ውስጥ የተቀረቀረ ደለል ለማውጣት አስፋልት አስቆፍሬ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው አስበውበታል።

ስኮትላንድ ውስጥ ፔዝሊ የሚባል ገዳም አለ። ሥሩ 90 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ በድንጋይ ቅስት የተሠራ የመካከለኛው ዘመን ቦይ ተገኝቷል። ደለሉ ውስጥ ምን ነበር? የሸክላ ስባሪ፣ የመጫወቻ ዳይስ፣ የዜማ ምልክት የተጫረባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎች። እንግሊዝ ውስጥ ፋውንቴንስ በተባለው ገዳም ደግሞ የስኬል ወንዝ ራሱ በቅስት ተሸፍኖ በሕንፃዎቹ ሥር ያልፋል። የሕሙማኑን ቤት በወንዙ ላይ ነው የሠሩት።

ስለዚህ «ዋሻ» ሲያሳዩዋችሁ ወለሉን እዩ። ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘቀዝቃል? ጫፉ ወንዝ ጋ ይወጣል? ከጎን ወይም ከላይ የሚወርድ ቀዳዳ አለው? ከላዩ መጸዳጃ ቤት ወይም ማዕድ ቤት ነበር? ከአራቱ ሦስቱን ካገኛችሁ የፍሳሽ ቦይ መሆኑን አትጠራጠሩ። ደግሞ በራሳችሁ አትግቡ፤ አየሩ ሊገድል ይችላል፣ ዝናብ ከጣለም ውሃው ሳታስቡት ይደርሳል።

የአክስቴን ልጅ ያን ቀን ያየነው «ዋሻ» ጫፍ ድረስ በውጭ ወሰድኩት። ቅስቱ ወንዙ ዳር ተከፍቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ተዳፋቱን በእጁ ዳሰሰና «ይሄንን ያለ ማሽን እንዴት ለኩት?» አለኝ።