«በየ6 ሰዓቱ» እና «በቀን አራቴ» አንድ አይደሉም

ጅማ ውስጥ ዘመዱን ሆስፒታል አስተኝቶ የሚያስታምም ሰው ካርዱ ላይ «በየ6 ሰዓቱ» የሚል ትእዛዝ ሲያይ፣ በቀን አራቴ ከተሰጠ በቃ ብሎ ያስባል። በደም ሥር ለሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ግን በአንዱና በሌላው መርፌ መካከል ያለው ሰዓት ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

አምፒሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ለምሳሌ እንውሰድ። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ አዋቂ ደም ውስጥ መጠኑ በ1 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት 12 ከተጀመረ ቀን 6፣ ምሽት 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይቀጥላል። አራቱም ቀን ቀን ተሰጥተው ሌሊቱ ባዶ ከቀረ፣ ባክቴሪያው እንደገና ለመራባት ፋታ ያገኛል። የተኛን ሕመምተኛ መቀስቀስ አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም «ዛሬስ ይተኛ» አትበሉ፣ እባካችሁ። ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። የጎን አልጋው ሕመምተኛ አራቴ ሲወጋ የእናንተው አንዴ መወጋቱ ቸልታ አይደለም።

ሰዓቱ ካለፈ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፤ የሚቀጥለውን እጥፍ ማድረግ ማካካሻ አይሆንም። የጉሉኮሱን ፍጥነትም በራሳችሁ አትጨምሩ።

አምፒሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ነውና፣ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ያስቸገረው ሰው ከሆነ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተናገሩ። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ተራ አትጠብቁ፣ ባለሙያውን ጮክ ብላችሁ ጥሩ።