አለርጂ ምንድን ነው? «አልተስማማኝም» ከማለት በምን ይለያል?

ጎንደር ውስጥ በመድኃኒት ባለሙያነት ስሠራ ደጋግሜ ከምሰማቸው ነገሮች አንዱ «ለአሞክሳሲሊን አለርጂ አለብኝ» የሚለው ነው። ምን እንዳደረጋቸው ስጠይቅ የብዙዎቹ መልስ «አቅለሸለሸኝ» ወይም «ተቅማጥ ያዘኝ» ይሆናል። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደለም። ሰሞኑን ግን አንድ አስረጂ «ሰውነት ያልተቀበለው ነገር ሁሉ አለርጂ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እንደ እርሳቸው አባባል ከሆነ፣ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም አንሶት ሆዱ የሚነፋ ሰውም አለርጂ አለበት ማለት ነው።

የሰውነታችንን በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የፋሲል ግቢን በር እንደሚጠብቅ ዘበኛ፣ መድኃኒቱን ወይም ምግቡን ደግሞ እንደ እንግዳ እናስብ። ምንም ክፋት የሌለበት እንግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ዘበኛው ያሳልፈዋል፤ ነገር ግን በስሕተት ጠላት ነው ብሎ መልኩን ይመዘግባል። መዝገቡ አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። እንግዳው ዳግም ሲመጣ ዘበኛው ግቢው ውስጥ ይተኩሳል፤ ጥይቱም እነዚህ ሕዋሳት የሚለቋቸው ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎች ናቸው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ጉዳቱ የሚመጣው ከእንግዳው ሳይሆን ከዘበኛው ጥይት ነው። ስለዚህ «ባለፈው ወስጄው ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም። እንግዳው ራሱ እንስራ ቢሰብር ግን ዘበኛው የለበትም፤ የአሞክሳሲሊን ተቅማጥ እንዲህ ያለ ነው። ዘበኛው ይረሳልም፤ አሞክሳሲሊን የሚመደብበት የፔኒሲሊን ቤተሰብ እውነተኛ አለርጂ ከነበረባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከ10 ዓመት በኋላ አይኖርባቸውም። ይህን የሚያረጋግጠው ግን በሐኪም ፊት የሚደረግ ምርመራ እንጂ የቤት ሙከራ አይደለም።

ሁሉም አለርጂ በዚህ ዘበኛ በኩል እንደማይመጣም ልጨምር፤ ከቀናት በኋላ አፍንና ዓይንን እያቆሰለ ቆዳን የሚልጥ ዓይነት አለ፤ ያ የደረሰበት ሰው መድኃኒቱን ከቶ መድገም የለበትም።

በዚህ የቃላት መደበላለቅ የሚያሳስበኝ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን (በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ የፔኒሲሊን መርፌ) የሚወጉት የሩማቲክ የልብ ሕሙማን፣ ማለትም ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ሰዎች ነገር ነው። ካርዳቸው ላይ ሳይጣራ «አለርጂ» ተብሎ ከተጻፈ ትኩሳቱ እንዳይመለስባቸው የሚያደርገውን ዋነኛ መከላከያቸውን ያጣሉ፤ የልብ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ከመርፌው በኋላ ቢወድቅ እንኳ መንስኤው አለርጂ ሳይሆን ልቡ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ «አለርጂ» ብቻ ብዬ አልጽፍም፤ ምን እንደታየ፣ መድኃኒቱ በተወሰደ በስንት ደቂቃ ወይም በስንተኛው ቀን እንደጀመረና በምን እንደታከመ እጽፋለሁ።